የመጨረሻው ሰው እግር

ቡሬ እህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ሆኜ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተጠየቅሁት ስለ ድምፄ ነበር። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ በዜማው እርምጃ እህል የሞላውን ማዳበሪያ ተሸክመው በሳንቃ ላይ እየወጡ አይሱዙው መኪና ላይ ይጭናሉ። አውጪው ሥራ ለቆ ነበርና ቦታው ለእኔ ደረሰ።

ወጣትነት ነውና ልታይ ልታይ አልኩ። ዜማውን አፈጠንኩት። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት አያ ስመኝ ከሰልፉ መጨረሻ ነበሩ። ሳንቃው መሐል ሲደርሱ እግራቸው ከዜማው ጋር መሄድ አቃተው፤ ከነሸክማቸው ወደቁ።

ሮጬ አነሳኋቸው። "ተጎዱ እንዴ፣ አያ?"

"እኔስ ደኅና ነኝ። አንተዋ፣ ለማን ነው የምትዘፍነው?"

"ለሥራው ነዋ።"

"ሥራው እግር የለውም። የእኔን እግር እያየህ አውጣ።"

አፈርኩ።

በነጋታው የመጋዘኑ ኃላፊ ለብቻዬ ጠራኝ። "ዛሬ ፈጠን ያለውን አውጣ። ወደ ኋላ የሚቀረውን አይቼ አሰናብታለሁ" አለኝ። ማንን እንደሆነ ገብቶኛል። አያ ስመኝ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸውን የሚያስተምሩት በዚሁ ሸክም ነበር።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። እኔም እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ እየፈራሁ ቀስ ያለውን አወጣሁ። ጓደኞቼ አንዴ ተያዩና ተቀበሉኝ።

"ምነው ተንቀረፈፍክ? ቀይረው!" አለ ኃላፊው።

"እሺ ጌታዬ" አልኩና ግጥሙን ቀየርኩ፤ እርምጃውን አልነካሁትም። ሁሉም እኩል ይራመዳል። ኃላፊው ወደ ኋላ የሚቀር ሰው ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። መኪናውም አንድ ማዳበሪያ ሳይወድቅ ሞላና ወደ ነቀምት መንገድ ወጣ። ኃላፊው እያጉረመረመ ቢሮው ገባ፤ አያ ስመኝም ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ አብረውን ሠሩ።

ብዙ ዓመት ዘፈን አወጣሁ። አምና ድምፄ ሲሻክር ቦታውን ለአንድ ወጣት ልጅ ለቅቄ ከተቀባዮቹ ጋር መሸከም ጀመርኩ። አንድ ቀን ሳንቃው ላይ ሳለሁ ዜማው ቀስ አለ። "ደግሞ ማን ደከመ?" ብዬ ተናደድኩና ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

ያን ሳምንት ሥራውን ተውኩ፤ ቅር ብሎኝ ግን አይደለም። አውጪ የመጨረሻውን ሰው እግር ማየት አለበት። ያ ልጅ አይቷል።