ከእግዜር ጋር የተኳረፈው ዘበኛ

የሆስፒታሉ በር ዘበኛ ቦርሳ የሚፈትሸው ለይስሙላ ነው፤ እጁ ዕቃ ሲያገላብጥ ዓይኑ የሰው ፊት ላይ ነው። ከካፖርቱ ጥቋቁር ቁልፎች መሀል አንዱ ቀይ ነው፣ ከሴት ሹራብ ተነቅሎ የተተከለ። የደረት ኪሱ ባረጀች ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ አብጧል። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ “እግዜር ይማርልህ፣ ይማርልሽ” ሳይል አያሳልፍም፤ “አሜን” ካልተባለ ደግሞ መንገድ አይለቅም።

ለእናቷ ምሳ የምታመላልሰው አስተማሪ መጀመሪያ ነገረኛ መስሏት ነበር። ቸኩላ በጎኑ ሾልካ ስታልፍ፣ መሐረብ የጣለች ይመስል “የኔ ልጅ፣ አሜኗን ረሳሻት!” ብሎ ከኋላዋ ይጣራል።

አንድ ቀን አሜን ባይባልስ ምን አስጨነቀዎት ብላ ጠየቀችው። ቀዩን ቁልፍ እየዳሰሰ ሳቅ አለ።

“ባለቤቴ እዚሁ ካረፈች ወዲህ ከእግዜር ጋር ተኳርፈናል። መመረቁስ አላቃተኝም፤ አሜን ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሱ ደግሞ ቂም አያውቅም፤ በቀን ስንቱን አሜን በእናንተ አፍ ይልክልኛል! ጠግቤ ነው የማድረው።”

እናቷ የዳነች ዕለት፣ አስተማሪዋ ደግፋት ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

“እግዜር ያጽናዎት፣ አባባ።”

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም እስኪጀምር ድረስ ቀዩን ቁልፍ ሲዳስስ ቆየ።

“አሜን” አለ።