ከሰፌድ ላይ የተነሣችው ልጅ ስም

በዚያ ቀን በቤቱ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። የልጅቷ አያት ሸኹ፣ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን የሚያቀሩት። ልጃቸው፣ ማለትም የልጅቷ አባት። ከመጋረጃው ጀርባ የተኛችው እናት። የልምድ አዋላጇ፣ በዚያ መንደር ቃሏ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ሴት። መኪናችንን የሚነዳው የደሴው ሾፌር። ከጃፓን የመጣችው የውሃ ባለሙያ። የእሷ አስተርጓሚ እኔ። የቀረችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ በተወለደች በሰባተኛ ቀኗ ነበርን። ስም አልጽፍም። የሁሉንም የተውኩት የእሷን ለመተው ብዬ ነው። በወረዳው በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ስለሌለ ስሙን መጻፍ እሷን በጣት ማሳየት ይሆናል።

ወታደራዊው መንግሥት ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ምንጭ የሚያጎለብት አንድ ፕሮጀክት መካነ ሰላም ገብቶ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያሽቆለቁለው ጫፍ ላይ ባሉት መንደሮች ይሠራል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ጃፓናዊቷም የምታወራው በራሷ ቋንቋ ስላልነበር ሁለታችንም ቀስ ብለን እየተናገርን እንግባባ ነበር።

እናትየዋ ልጅ አልቆም ብሏት ነበር። ከዚህች በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም ጡት ሳይጥሉ ሞተውባታል። በእኛ አገር እንዲህ ያለች እናት ስትወልድ ልጁን ሞት እንዳይመኝባት ታስንቀዋለች። ከቤት አውጥተው ጥራጊ ላይ ያስቀምጡታል። ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ያነሣዋል፣ ስም ያወጣለታል፤ እናቱም የሰው ልጅ እንደምትቀበል ሆና ትቀበለዋለች። እስላሙም ክርስቲያኑም ያደርገዋል፤ ሸኹንም ቄሱንም ደስ አይላቸውም። በአመድ፣ በጉድፍ፣ በጥራጊ ስም የሚጠሩ ሽበታም ሰዎች በየመንደሩ ያሉት ለዚህ ነው። የአባቴ ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው።

እኛ የሄድነው ምንጩን ለማየት ነበር። የመኪናውን አቧራ ከሩቅ ያየችው አዋላጅ ልጅቷን በሰፌድ አድርጋ ደጃፉ ላይ ካለው ጥራጊ አኖረቻት። ኋላ እንደነገረችን እንዲያነሣት ያሰበችው ሾፌሩን ነው። ቀድማ የወረደችው ግን ጃፓናዊቷ ሆነች።

ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኸችም። ሰፌዱን አየች፣ ጥራጊውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ከዚህች በፊት የሞቱ ልጆች አሉ?” አለችኝ።

እኔ ገና ምንም አልነገርኳትም። “ሁለት” አልኳት። ጎንበስ ብላ ከነመጠቅለያዋ አነሣቻት።

አዋላጇ ከበሩ ኋላ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። “እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ! ስም አውጪላት በላት እንጂ ልጄ፣ ምን ያፈዝሃል? ሳታስቀምጣት!”

ነገርኳት። ብዙም ሳታስብ አንድ አጭር ስም ተናገረች። አዋላጇ ደጋግማ አለችው፤ አፏ ላይ አልከበዳትም። “ለመጥራትም ይመቻል” አለችና ልጅቷን ተቀብላ በመጋረጃው ሥር ለእናትየው አቀበለቻት። እናትየዋ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ስትሞክረው ሰማን።

ገንፎ ቀርቦልን ተቀምጠን ሳለ ሸኹ ከመስጊድ ተመለሱ። ለልጅቷ የሚታረደው የዓቂቃ በግ ከደጅ ታስሯል፤ የቀረው እሳቸው መጥተው ስሟን በጆሮዋ መጥራታቸው ብቻ ነበር። ልጃቸው የሆነውን ሲነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ቢከብድም እንግዳ ስላለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

“ስሙ የራሷ ነው?” ሲሉ በእኔ በኩል ጠየቁ።

“የአያቷ ነው ሸኽዬ።”

“ማሻላህ። ትርጉሙስ? ልጅ በወላጁ ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ደግ ስም ነው። ነገ በአኼራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ የምትጠራው በስሟ ነው።”

ከእሳቸው በፊት ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ሳደርስላት ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በነገረችኝ የእንግሊዝኛ ቃል እርግጠኛ መሆን ስለፈለግሁ “አባረሯት ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም አለች። ከኪሷ መሐረብ አወጣችና መሬት ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች፣ የረሳችው ይመስል። ገባኝ።

“ጽጌረዳ” ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን ሽማግሌው የጠየቁት ሐቁን ነው።

“የተጣለች ማለት ነው” አልኩ።

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ። “እኔ ቀድሜ ወርጄ ቢሆን የእናቴን ስም ሰጥቻት ይኼኔ ገንፏችንን እየበላን ነበር።”

“አንተማ!” አለችው አዋላጇ። “ጋቢና ውስጥ ስታንጎላጅ ማን ተኛ አለህ?”

ሸኹ አልሳቁም። “የሙስሊም ልጅ ‘የተጣለች’ ብዬ በጆሮዋ አልጠራም” አሉ። “ጥራጊ ላይ ማኖሩም የጃሂል፣ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ ብያችሁ ነበር። ስሙን እኔ አወጣለሁ።” አባትየው አንገቱን ደፋ።

“አባባ” የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ሁላችንም ዞርን። “እነዚያን ሁለቱን በደግ ስም ጠርተዋቸው ነበር።”

ምራት አማቷን እንዲህ ስትል እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሸኹ መቁጠሪያ ሙሰበሃቸውን ያዙ፤ ጣታቸው ግን ከአንዷ ፍሬ ወደ ሌላዋ አልሄደም።

ጃፓናዊቷ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ልናገር አለች። እኔም ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ተረጎምኩ።

የጃፓናዊቷ አያት የተወለደችው በባሕር ዳርቻ ባለ መንደር ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት እህቶቿ ሞተዋል። ስለዚህ ወላጆቿ እህል በሚያነፍሱበት ሰፌድ አድርገው መንታ መንገድ ላይ አኖሯት፤ ሰፌዳቸው እንደ እኛው ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከንፈር የለውም። የዓሣ አጥማጅ ሚስት የሆነች ጎረቤት መጥታ በመጥረጊያ እንደ ጥራጊ ጠርጋ አነሣቻት፤ ቤቷ ወስዳ ያንን ስም አወጣችላትና መለሰቻት። በዚያን ዘመን በየመንደሩ በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አትጠፋም ነበር፤ ሰምቶ የሚደነቅም የለም። አሁን ለልጁ የሚያወጣው ሰው የለም። የሚጠሩበት አሮጊቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል። በአገራቸው ጽሕፈት ለስም ደግ ትርጉም ያለው ምልክት ተመርጦ ይጻፋል፤ ያንን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ድምፁን ብቻ በሚይዝ ተራ ፊደል ነው። አያቷ በልጅነቷ ስሟ ሲጠራ ታፍር ነበር። ካረጀች በኋላ ግን “ወላጆቼ ፈርተው ነው እንጂ ንቀውኝ አይደለም” ትል ነበር።

ሸኹ እስከ መጨረሻው አላቋረጧትም። ሲያበቃ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ኖረች?”

“ኖረች። የልጅ ልጅ አየች። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። ቀጥለውም፣ “ስም አያኖርም” አሉ። “ስም አይገድልም። የሚያኖረውም የሚወስደውም አላህ ነው።” ወደ መጋረጃው ዞሩ። “እንዲህ ከሆነ በስም የተነሣ ያንቺን ልብ የምሰብርበት ምክንያት የለኝም። በወጣላት ስም ትጠራ። አብሽሪ ልጄ።”

ከመጋረጃው ጀርባ ልቅሶ ተሰማ። “ዝም በይ፣ ወተትሽን ታበላሺዋለሽ” አለች አዋላጇ፤ እሷም ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ሸኹ ዉዱእ አደረጉ፤ ውሃውን ያፈሰሰላቸው ሾፌሩ ነው። ልጅቷን ታቅፈው በቀኝ ጆሮዋ አዛን አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ይበልጥ አስጠግተው አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ አልሰማሁም።

ጃፓናዊቷ ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ገባች። ሸኹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ። ልጅቷ ግን አደገች፤ ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም ገበያ ላይ አግኝታ አስቆመችኝ። ትምህርት ቤት “ይኼ ስም የየት አገር ልባሽ ነው?” እያሉ ይስቁባታል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ትርጉሙ አላስከፋትም። የከነከናት ሌላ ነገር ነው።

“አያቴ በጆሮዬ የጠሩኝ በዚሁ ስም ነው ወይስ ሌላ አውጥተውልኝ ነበር?” አለችኝ። “በዚሁ ከሆነ ለሚስቁብኝ፣ ሸኹ ናቸው የጠሩኝ እላቸዋለሁ። ሌላ ካለኝ ደግሞ ልወቀው።”

አላውቅም አልኳት። አዋላጇን ጠየቅሁ፤ ይኸው ስም ነበር ብላ ማለች። አባትየው የሰማው ዓረብኛ ነው፤ ያ ግን ከአዛኑ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ያምናል። እናትየዋ አማቷን ያን ዕለትም ከዚያ ወዲህም አልጠየቀቻቸውም፤ ያሏት ነገር በቅቷት ነበር። በሸኹ አጠገብ ማንቆርቆሪያውን ይዞ የቆመው ሾፌር ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ወዲህ የት እንዳለ አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን የማነበው እኔ ብቻ አለመሆኔን ተስፋ አድርጌ እጽፋለሁ። በዚያ ቀን ከቤቱ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም አንተ ውሃውን ያፈሰስከው፣ የሰማችሁትን ላኩልኝ፤ እኔ የተሳሳትኩት ካለም አርሙልኝ። በእርግጠኝነት ካልሰማችሁ ደግሞ አልሰማንም በሉ። ልጅቷ የምትፈልገው የሚያስደስታትን ሳይሆን የተባለውን ነው።