ስድሳ ቁራጭ የመሪጌታ ድምፅ

የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ድምፅ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሕማማትን ዜማ በሹክሹክታ ማስተማር ስላልተቻላቸው ደቀ መዛሙርታቸው የቀየትን መንደር ለቀው ሄደዋል። መሐል ሜዳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ልጃቸው አመተሥላሴ ግን፣ በተማሪነቷ አንድ እንግዳ መጥቶ ዜማውን ሙሉውን ከአባቷ አፍ መቅዳቱን ታስታውሳለች። ያንን ቅጂ ፈለገች።

በግንቦት ፳፻፰ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር፣ ኒውስግሩፕ በሚባል የቆየ የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ አገኘችው። አሠራሩ ልብ ይስባል። ትልቅ ፋይል በአንድ መልእክት ስለማይገባ ተቆራርጦ ይለጠፋል፤ ይህኛው መቶ ቁራጭ ነበር። በብራውዘር የሚከፈት ፕሮግራም ቁራጮቹን ፈልጎ ያወርድና ይገጥማቸዋል። ይበልጥ የሚደንቀው መጠገኛ የሚባለው ነው። ይህኛው ከመቶው ሌላ አሥር መጠገኛ ስላለው፣ የትኞቹም አሥር ቁራጮች ቢጠፉ ፕሮግራሙ አስልቶ እንደነበሩ ይሠራቸዋል። አሥራ አንድ ከጠፉ ግን ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም።

«እንደ ቅርጫ በሬ መድበውኛል በይኛ» አሉ መሪጌታ፣ ስትነግራቸው።

«መደቡ ሁሉ ይሰበሰባል፣ አባዬ።»

«ምላሱ ይገኝ እንጂ ሌላው ይቅር።»

ፋይሉ ከተለጠፈ ሁለት ወሩ እንደሆነ ፕሮግራሙ አሳያት። ሰሌዳው አንድን መልእክት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ቀን ያቆያል። ስለዚህ አልቸኮለችም። መስመሩ ቀርፋፋ ነውና አሥሩን መጠገኛ አስቀድማ አውርዳ፣ በየማለዳው ሦስት አራት ቁራጭ ታወርድ ጀመር። ስድሳ ላይ ስትደርስ መስመሩ ለሦስት ሳምንት ተቋረጠ። ሲመለስ የቀሩት አርባዎቹ ሁሉ «አልተገኘም» ሆኑ።

ምክንያቱን ያገኘችው ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ፣ ቀኑ ከተጻፈበት ነው። ፳፻፰ ይላል።

«ይህን ቀን ማን ነው የሞላው?» አለች።

«እኔ ነኛ» አለ የሥራ ባልደረባዋ ገሠሠ። «ደብዳቤው በፈረንጅ ቀን እየወጣ አስቸገረኝ።»

ፋይሉ የተለጠፈው በፈረንጆቹ ፳፻፰ በሰባተኛው ወር ነበር። ፕሮግራሙ የእኛን ግንቦት ፳፻፰ እንደ እነሱ ዘጠነኛ ወር ፳፻፰ ቆጥሮ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ፋይል የሁለት ወር አደረገው፤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶው ቀን የሞላው መስመሩ ተቋርጦ ሳለ ነው።

«ስድሳው ብቻውን አይዘምርም?» አሉ መሪጌታ።

«አይዘምርም፣ አባዬ። ከነመጠገኛው ሠላሳ ይጎድላል።»

«እንግዲያ ተይው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አልተወችውም። በየማለዳው፣ ገሠሠ ሳይገባ፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ትመልስና እዚያው ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ከእሷ በፊት የተጻፈው የመጨረሻ መልእክት ዓመት አልፎታል። ዛሬም የጎደሉትን አርባ ቁጥሮች አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ከሥሩ «ከነዚህ የትኞቹም ሠላሳ ይበቁኛል፤ ያስቀመጠ ሰው አለ?» ብላ እየጻፈች ነው።