ኳሱ የኛ ሲሆን

ልጄ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ተመረጥኩ ሲለን አባቱ መጀመሪያ የጠየቀው «እነዚያ እንደ በሬ የሚላተሙት?» ብሎ ነው። «ኖ አባ፣ እኔ ኪከር ነኝ። ማለቴ ኳሷን በእግር የምመታው። ማንም አይነካኝም» አለው። እውነቱን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም፤ አንድ ቀንም ሜዳ አልገባማ! ከእሱ የሚሻል ሌላ መቺ ስለነበር የኔው ልጅ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ ከመስመሩ ዳር ይቆማል። ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይሄዳል፣ በዚያው ንጹሕ ልብስ ይመለሳል።

የመጨረሻው ዓመት ሲዝን ሲጀመር እንግዲህ በቤታችን የነበረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ልጅ ሳይመረቅ አንዴ እንኳ ይገባ ይሆን?

ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የምንኖረው ቤድፎርድ ስለሆነ ኮሌጁ አይርቀንም። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ነገሩን ሲሰሙ «ብቻችሁንማ አትሄዱም» ብለው ተከተሉን። አንዷ ከዋይሊ ድረስ ሳምቡሳ ጠብሳ ትመጣለች። ፈረንጆቹ ፓርኪንጉ ላይ ሥጋቸውን ሲጠብሱ እኛ የመኪናችንን የኋላ በር ከፍተን ሳምቡሳ እናድላለን። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ገና ፓርክ ሳናደርግ ሰው ይጠብቀን ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሠራን። የኛ ልጆች ኳሱን ይዘው ሲሰለፉ ደስ አለኝና እልል አልኩ። እህቶችም ተቀበሉኝ። የተቀመጥነው ከሜዳው ጥግ ነው፤ አንዱ ግዙፍ ተጫዋቻችን ደንግጦ ይሁን ቸኩሎ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ተንቀሳቀሰ። ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ወረወረና ቡድኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ ተደረገ። በኛ እልልታ ይሁን በራሱ ጥፋት እግዜር ይወቀው፤ ከፊታችን ያለው ሰው ግን ሁሉም ዞሮ አየን። ልጄ ከዳር ሆኖ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ።

«እማ፣ ፕሊዝ!» አለችኝ ታናሽ እህቱ፤ «ኳሱ የኛ ሲሆን ኳየት ነው የሚባለው። የነሱ ሲሆን ነው የሚጮኸው።»

«የራሴ ልጆች ሲይዙት ዝም፣ ባላጋራ ሲይዘው እልል? የት አገር ነው ያየሽው?»

«ሶ፣ ልጆቹ ካፒቴኑ የሚጠራውን ትእዛዝ እንዲሰሙ ነዋ! እነሱ ደግሞ እንዳይሰሙ።»

እኔ አልገባኝም፤ ባለቤቴ ግን ገባው። ኤርፖርት ሻትል ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ ተሳፋሪዎቹን የጨዋታውን ሕግ ሲጠይቅ ከርሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ አዋቂ ሆኖ መጣ። ኳሱ የኛ ሲሆን መዳፉን ከፍ ያደርጋል፤ እኛም ጭጭ። ካጉረመረምኩ «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። ኳሱ ሲቀየር እጁን ያወርዳል፤ ያኔ እህቶች የሳምንት እልልታቸውን ይለቁታል። እሱ ራሱ ግን አፉን አይከፍትም፤ እጆቹን አጣምሮ የሚሰለፉትን ሳይሆን ዳር የቆመውን ነው የሚያየው።

የከበደን ጸሎቱ ነው። የኛ እንዲገባ ያኛው መቺ መውጣት አለበት። «ታዲያ የሰው ልጅ እግር ይሰበር ተብሎ ይጸለያል እንዴ?» አሉ በዕድሜ የሚበልጡን እናት። «አይባልም እማማ፣ እርስዎ እንዴት እንደሚባል ያውቃሉ» አልናቸው። አስበው አስበው «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን አንተ ታውቃለህ» ብለው ተዉት። እኔ በልቤ ያንን ልጅ እንኳ ጉንፋን ቢይዘው እል ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ልጄ ሌዊስቪል ቢሮ ይሠራል፤ ቅዳሜ ይደውላል፣ ደህና ነው። እኔ ግን እነዚያ ቅዳሜዎች ይናፍቁኛል። የመስከረም ፀሐይ ያጋለው የብረት አግዳሚ ሲያቃጥለን ነጠላችንን አጥፈን እንቀመጥበት ነበር፤ በኅዳር ያንኑ ነጠላ ከንፋሱ ተከናነብነው። ሥራ የለ፣ ስልክ የለ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ልጅ እንጠብቃለን። ደስተኛ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

በሜዳችን በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ክፉኛ ተመራን። ሰው እየተነሳ ወጣ። እህቶች አንዳቸውም አልተነሱም። መጨረሻ ላይ የኛዎቹ እንደ ምንም ኳሱን ከባላጋራ መስመር አሳልፈው አንድ ታችዳውን አገቡ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ነጥብ የምታስገኝ ምት አለች። መሸነፋችን አልቀረም፤ አሠልጣኙ ኮች ወደ ዳር ዞሮ ልጄን በእጁ ገፋው።

ልጄ ሮጦ ገባ። ባለቤቴ መዳፉን አነሣ፤ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዋይሊ የመጣችው ክንዴን ያዘች። ልጄ ጥቂት ወደ ኋላ ተራመደ፣ ቆመ፣ መታ። ኳሷ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል አለፈች።

የቀረው ሰው አጨበጨበ፣ ጓደኞቹ ዘለው አቀፉት። የኛ መደዳ ግን ዝም እንዳለ ነው። እንዲህ ያለችው ኳስ ካለፈች በኋላ የማን እንደምትባል ማንም አልነገረንም። ሁላችንም የባለቤቴን እጅ እናያለን፤ እጁ አልወረደም።

«አሁን ይቻላል?» አላት ሴት ልጁን።

«ይቻላል፣ አባ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣ አለኝ። እልል ያለው ባለቤቴ ነው፤ ብቻውን፣ ቆሞ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ልጃችን ሄልሜቱን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም በጣቴ አባቱን አሳየሁት።