ቀኑ ያለፈበት ሥልጣን

የልዩ ችሎቱ ታይፒስት ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ልንገራችሁ! በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ በተከፈተ ቁጥር ከጠረጴዛዋ ጋር ይላተማል። ሰው ሲመጣ ታይፒስቷ ብድግ ብላ፣ ወንበሯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ሆዷን ሰብስባ ማሳለፍ አለባት። መስኮትማ አለ፤ የሚያሳየው ግን የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው፣ እጅ ቢሰዱ የሚነካ።

በስሟ የሚጠራት የለም። ዳኛ ይሁን ጠበቃ፣ ነጥብ የጎደለው ጽሑፍ ካመጣላት ሳታስተካክል ስለማታልፍ ግቢው በሙሉ «ድርብ ሰረዝ» ይላታል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ዝውውር ጠይቃለች፤ ታላቅ እህቷ ብቻዋን ወደምትኖርባት፣ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማ። ስድስቱ «ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነች» እየተባለ ተመለሰ። ሰባተኛው ጸደቀ! የቀረው የዳኛው የመልቀቂያ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱም ለዓርብ ተቀጥሯል።

ሐሙስ ጠዋት እህቷ ደወለች።

«አልጋሽን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ተኝተሽ ውኃው ይታይሻል።»

«እታለም፣ ገና አልፈረሙም እኮ።»

«ይፈርማሉ! ደግሞ ያን የሞተ ካፖርትሽን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።»

እየሳቀች ስልኩን ዘጋችና ለተተኪዋ የምታስረክበውን መሳቢያ ማጽዳት ጀመረች። ከታች፣ ከደረቁ የማኅተም ቀለሞች ሥር፣ አንድ ደብዳቤ አገኘች።

ይህ ደብዳቤ ምን መሰላችሁ? ችሎቱ የትራንስፖርት ጉዳይ ብቻ የሚያይ ነው፤ ዳኛው በገንዘብ መቅጣት እንጂ ሰው ማሰር አይችሉም ነበር። አምና ግን የፍርድ ቤቶች የበላይ ኃላፊ ተጨማሪ ሥልጣን ሰጧቸው፤ ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪ በማረፊያ ቤት እንዲቆይ ማዘዝ ቻሉ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በጽሑፍ ካልተሰጠ አይሠራም ይላል ሕጉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ግርጌ የደብዳቤው ቁጥር ይጻፋል። ድርብ ሰረዝ ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች፤ ጣቶቿ እሷን ሳይጠይቁ ነው የሚጽፉት። ደብዳቤውን ራሱን ግን መሳቢያ ከገባ ወዲህ ያየው የለም።

አሁን አነበበችው። የመጨረሻው መስመር «ይህ ሥልጣን ለአንድ ዓመት ብቻ የጸና ነው» ይላል። ቀኑን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ዓመቱ ካለቀ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

መዝገቦቹን አገላበጠች። በእነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት የታዘዘው አንድ እስር ብቻ ነው፦ ጣሪያው ላይ የጫነው ሻንጣ ወድቆ መንገደኛ ያቆሰለበት የሚኒባስ ሾፌር። ፖሊስ የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ ታስሮ ይቆይልኝ ብሎ ጠየቀ፣ ዳኛው ፈቀዱ፣ እሷ ጻፈች። ሰውየው ማረፊያ ቤት ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

በሩ ጠረጴዛውን ገጨው። ብድግ አለች። የሾፌሩ ሚስት ናት፤ ቅያሪ ልብስ የያዘ ፌስታሏን አንጠልጥላ በየማለዳው ትመጣለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ይወጣል?»

«ቀጠሮው... ማክሰኞ ነው።»

«ትናንትም ማክሰኞ ነው አሉኝ» አለች ሚስትየው። «አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው?»

በሩ ተዘጋ። ድርብ ሰረዝ ደብዳቤውን ይዛ ቆማ ቀረች። ሰኞ እሷ የለችም። ተተኪዋ ቁጥሩን ከድሮው ትእዛዝ እያየች ትገለብጣለች፤ ማን ያውቃል? ብትናገር ግን መዝገቡ ሁሉ እንደ አዲስ ይጣራል፤ የቱ የት እንዳለ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ ማን ይለቃታል? ደብዳቤውን መልሳ ቀለሞቹ ሥር ከተተችው። መሳቢያውን ገፋችው። አልዘጋ አላት። እኔም ብሆን ያን ጊዜ በርግጫ እዘጋው ነበር! እሷ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ደብዳቤውን አወጣችና ዳኛው ቢሮ ገባች።

ዳኛው መነጽራቸውን ወልውለው አነበቡት። አፋቸው ውስጥ የነበረው ከረሜላ ቆመ።

«ዛሬ ብንጠይቅ ያድሱልናል። የአሥራ ሁለቱን ቀን ጨምረው ቢጽፉልንስ?»

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ጠበቃ እንዲህ ቢልዎት ምን ይሉት ነበር?»

«ከችሎቴ ውጣልኝ እለው ነበር» አሉና ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። «በይ እንፍታው። ጻፊ... ቆይ፣ ያሰርኩት በሌለኝ ሥልጣን ነው። የምፈታውስ በየትኛው ነው?»

 ሳቅ መጣባት፤ ዋጠችው። ሰውየው በሌለ ቁልፍ ተቆልፎበት አሁን መክፈቻው ጠፋ!

በመጨረሻ መውጫው የተገኘው ከዋናው ፍርድ ቤት ነበር፤ እዚያ ያለው መደበኛ ዳኛ ማዘዝ ይችላል። ዳኛው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን የሚገልጽ ገጽ ተኩል አስጻፏትና ፈረሙበት። ፖስተኛው የሚሄደው ሰኞ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ራሷ በሁለት አውቶቡስ ከተማውን አቋረጠች። ሥራ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ትእዛዙ ተፈረመ። ሾፌሩ ያን ቀን ማታ ቤቱ ገባ።

ዓርብ የፍርድ ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ መጡ። ተቆጡ። ሥልጣኑ ታደሰ። ከዚያም ከአምናው ጀምሮ ያሉት ትእዛዞች አንድ በአንድ እንዲጣሩ ታዘዘ። የኃላፊውን የትእዛዝ ደብዳቤ የምትጽፈውም፣ ሌላ ማን አለና፣ እሷው ናት፦ «የታይፒስቷ ዝውውር እስከ ተለዋጭ ትእዛዝ ድረስ ታግዷል።»

ነጥቧን አስተካከለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሾፌሩ ወረቀት እንኳ የቀጠሮ ቀን ነበረው። የእሷ የለውም።

«ቀን አልተጻፈበትም» አለች ለኃላፊው።

«አዎ፣ አልተጻፈበትም» አሉና ፈረሙ።

ለእህቷ ደወለች። የሆነውን ነገረቻት።

«አልጋውን አላነሳውም» አለች እህቷ። «ካፖርቱንም ቢሆን ይዘሽው ነይ፤ ብቻ ነይ።»

በሳምንቱ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ሊወስድ መጣ። በሩ ጠረጴዛውን ገጨው፤ ብድግ አለች። ሰውየው በጠባቧ ክፍተት አንገቱን አስገብቶ ክፍሏን ግራ ቀኝ ቃኛት።

«እትዬ፣ እኔ የነበርኩበት እኮ ከዚህ ይሰፋል!»

ከኪሱ ጠመንጃ መፍቻ አወጣ። የጥበቃው ሠራተኛ ከኮሪደሩ ጫፍ ጮኸ፦ «አንተ! በሩን እንድትነካ ማን ሥልጣን ሰጠህ?» ዳኛው በዚያው ቅጽበት ከቢሮአቸው ወጡ። በሩን አዩ፣ ጠመንጃ መፍቻውን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ያለ መነጽር ምንም አይታየኝም» ብለው አለፉ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማጠፊያው ተገልብጦ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ሆነ። ሾፌሩ ሄደ። ድርብ ሰረዝ ከአምናው መዝገብ የመጀመሪያውን አወጣችና ወንበሯን፣ በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ልቧ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ። ብድግ ብላ ሆዷን ሰበሰበች።