የጨጓራ ካርዶች

የዚያን ሰሞን ድካም ተኝቼ የሚለቀኝ ዓይነት አልነበረም። ጠዋት ከጎተራ ታክሲ ተጋፍቼ ካዛንቺስ እወርድና፣ ክሊኒካችን ያለበትን ሁለተኛ ፎቅ እየተነጫነጭኩ እወጣዋለሁ። ሥራዬ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚከፍሉትን የሕክምና ሂሳብ አዘጋጅቶ መላክ ነው። ሲስተማችን ወደ አዲሱ የበሽታ መለያ ኮድ ሊቀየር ስለሆነ የድሮውን ካርድ ሁሉ አንድ በአንድ እያያችሁ አዲሱን ኮድ ስጡት ተባልን። ተባልን ስል እኔና የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ እትዬ የምላቸው ሴትዮ ነን። ሌላ ማን አለ!

እትዬ ያነባሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ። «ጨጓራ» ይላሉ። እጽፋለሁ። «ጨጓራ።» አሁንም እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላ።

«ኧረ በፈጣሪ! አዲስ አበባ በሙሉ ጨጓራውን ነው እንዴ የሚታመመው? እዩት እስቲ፣ የዚህ ሰው መድኃኒት የድባቴ ነው። ማነው እንዲህ የሚጽፈው?»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ዶክተሩ እውነተኛውን በሽታ ካርዱ ውስጥ ይጽፋሉ። በካርዱ ሽፋንና ለመሥሪያ ቤቱ በሚላከው ወረቀት ላይ ግን እትዬ ጨጓራ ይሉታል። ዶክተሩም እያዩ ዝም ይላሉ። «ወረቀቱ የት እንደሚሄድ አታውቂም?» አሉኝ። «የሰው ሀብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። በጨጓራ ግን እስካሁን ከቦታው የተነሳ ሰው አላየሁም።»

አዲሱ ሲስተም ግን መድኃኒቱና ኮዱ ካልተስማሙ ቀይ ያበራና አላሳልፍም ይላል። ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ የበሽታው ስም ወረቀቱ ላይ ባይወጣስ ብዬ ለመንኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ያለን ውል ነው፣ በቃ» አለኝ።

ሲስተሙ በተቀየረ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ እኚያ የድባቴ መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰውዬ መጡ። ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ናቸው። በየወሩ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ የመሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ ይዘው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው ይሄዳሉ። የበሽታቸውን ስም ስክሪኑ ላይ አይተው ደነገጡ።

«እህቴ፣ ይሄ ለእነሱ ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«እንደ ድሮው አይሆንም?»

እያዩኝ ጨጓራ ብዬ ሞከርኩ። ቀይ። ደግሜ ሞከርኩ። ቀይ።

«የካዝና ቁልፍ የያዝኩ ሰው ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄን ካዩ ቁልፉን ይቀበሉኛል። አራት ልጆች አሉኝ።»

ከኪስዎ ይክፈሉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የመድኃኒቱን ዋጋ የምጽፈው እኔው ስለሆንኩ እንደማይችሉት አውቄ መልሼ ዘጋሁት። ደብዳቤያቸውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሰሞኑን እኮ ደህና ነኝ። ማለቴ… ትንሽ ያለ መድኃኒቱ ልሞክረው» ብለው ወጡ። ተከትያቸው መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም፤ ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፎ ነበር።

በሚቀጥለው ወር አልመጡም። በዚያኛውም አልመጡም። እትዬ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ካርዳቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና፣ ማታ ሲወጡ ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል። ኃላፊያችን ደግሞ ከእንግዲህ ኮዱ ልክ አይደለም ተብሎ የሚመለስብን ሂሳብ የለም ብሎ ለሁላችንም ለስላሳ ጋበዘን። የኔን ሳልከፍተው ተውኩት።

ከዚያ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ እጠርገዋለሁ። መቼም ክሊኒክ ውስጥ እየሠሩ ሳይታከሙ መቅረት ያሳፍራል ብዬ አንድ ቀን ዶክተሩ ክፍል ገባሁ። የእኛም የሠራተኞቹ ሕክምና በዚያው ሲስተም ያልፋል፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ኃላፊያችን ነው።

በሩ ተዘግቷል። ከዶክተሩና ከእኔ በቀር ማንም የለም።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አሉኝ።

«ጨጓራዬን» አልኩ።

የጨጓራ መድኃኒት አዘዙልኝ። ኮዱና መድኃኒቱ ተስማሙ፣ ሲስተሙ ወዲያው አሳለፈው። ካርዴን ለመመለስ ወደ ካርድ ክፍል ሄድኩ። እትዬ ተቀብለው አነበቡት፣ ፊቴን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺም?» አሉኝ።