በመካነ ሰላም የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ዙሪያ

ሐሙስ

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ መናኸሪያ የተሳፈርኩት ፒንግ ፖንግ ለማስተማር ነው። የድሮ ተማሪዬ ሰይድ መካነ ሰላም የሒሳብ መምህር ሆኗል። የሚጫወትበት የመንግሥት ሠራተኞች ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ በወረኢሉ ቡድን ተሸንፏል፤ ቅዳሜ እዚያው መካነ ሰላም እንደገና ይገናኛሉ። "ጋሼ፣ ጉልበት አላነሰንም፤ የት እንደምንሳሳት ነው ማየት ያቃተን" ብሎ ደወለልኝ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የስፖርት መምህር ሆኜ የሰው ስህተት ሳይ ነው የኖርኩት። እንደማስተካክላቸው አልተጠራጠርኩም።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሹፌሩ መብራት አብርቶ አዘገመ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርገውልኝ፣ "አብሽር፣ አቀስታ ፀሐይ አለ" አሉኝ። እውነትም ነበር። አቀስታ የበግ ቅቅል በልተን፣ በገብስ ማሳ መሃል ስንጠማዘዝ ቆይተን ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ገባን።

አርብ

አዳራሹ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር ስላጠረ ከሥሩ የሸክላ ስባሪ ገብቶለታል። መጀመሪያ አጫወትኳቸው። ሰይድ ሆዱ ጠረጴዛውን እስኪነካ ይጠጋና የመጣለትን ሁሉ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል። አብዛኛው ውጭ ይወድቃል።

"አንድ እርምጃ ወደ ኋላ" አልኩት። "ዝም ብለህ መልሳት። የምትመች ስትመጣ ብቻ ምታ።"

የፍርድ ቤት ጸሐፊዋ ዘሃራ ከሁሉም የተሻለ እጅ አላት። ግን ጥሩ ከመታች በኋላ ኳሷ የት እንደወደቀች ቆማ ታያለች፤ መልሱ ሲመጣ እግሯ አልተነሣም። ነጥብ ሲቆጠርባት ደግሞ ንዴቷ ሳይበርድ ትጀምርና ቀጣዩንም ታበላሻለች።

"አምናም እየመራሁ እንዲሁ ነው የተሸነፍኩት" አለችኝ። "ዘንድሮም ከደገመኝ ወላሂ ራኬት አልይዝም።"

"መትተሽ ስትጨርሺ ወደ መሃል ተመለሺ። ነጥብ ሲቆጠርብሽ መዳፍሽን ጥረጊ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ጀምሪ።" እስከ አመሻሽ ይህንኑ ስንደጋግም ዋልን።

ቅዳሜ

ሰይድ ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ግን ወደ ጠረጴዛው ተለጠፈና ተሸነፈ። ሁለተኛው ተጫዋቻችን አሸነፈ። ወሳኙ የዘሃራ ሆነ። ከወረኢሉዋ ተጋጣሚዋ ጋር አንድ አንድ ዙር ተከፋፈሉ፤ በሦስተኛው ስምንት ለአራት ተመራች።

አላስቻለኝም። "ወደ መሃል፣ እግርሽን፣ ቀስ በይ" እያልኩ በየኳሱ ተናገርኩ። ዘሃራ ዕረፍት ጠይቃ ወደ እኔ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎ ሲናገሩ ኳሷ ትጠፋብኛለች። ያስተማሩኝን ይዤዋለሁ። ትንሽ ዝም ይበሉልኝ" አለች።

በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ፊቴ ጋለ። ግን እውነቷን ነው፤ እስካሁን የምታየው ኳሷን ሳይሆን እኔን ነበር። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

መዳፏን ጠረገች፤ ተነፈሰች። አንድ በአንድ እየለቀመች ዘጠኝ እኩል ደረሰች፣ ከዚያ አሥር ለዘጠኝ መራች፤ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራት። የመጨረሻው ኳስ ብዙ ተመላለሰ፤ መትታ ወደ መሃል፣ መትታ ወደ መሃል። የተጋጣሚዋ ኳስ መረቡን ነክቶ እዚያው ቀረ። የወረኢሉዋ ሴት ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አቀፈቻት።

እሁድ

ሰይድ መናኸሪያ ሸኘኝ። "እኔንስ ምን ይሉኛል፣ ጋሼ?"

"ጭብጨባ ስትሰማ ወደ ኋላ ተራመድ።"

እስከ ደሴ ድረስ፣ ዳር ቆሜ ስጮህባቸው የተሸነፉ ተማሪዎቼን ሳስብ መጣሁ። የሰው ስህተት አያለሁ ስል የራሴን አላየሁም ነበር። ከእንግዲህ የምለውን ሁሉ ጨዋታው ሳይጀመር ብዬ እጨርሳለሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቦርሳዬን ተቀብላ "እህ፣ አሸነፋችሁ?" አለችኝ።

"ዘሃራ አሸነፈች" አልኳት።